ባህላችን ነው አልኳት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የምኖርበት ቤት የእኔ አልነበረም። ይህን የማያውቅ የሰፈሬ ሰው የለም፤ ፊት ለፊት የነገረኝም የለም። የአገሬ ሰው ጨዋ ነው፤ የሚጸየፈውን ሰው እንኳ «እንደምን አደርክ» ሳይል አያልፍም። እኔም «እግዜር ይመስገን» ብዬ በሬን ዘግቼ እገባለሁ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመለመን አይደለም። ይቅር የምትለኝ ሰው በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ሌላ ሰው ይቅር ቢለኝ ደግሞ የራሱን ጽድቅ ያበዛ እንደሆነ እንጂ ለእኔ አይፈይድልኝም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እኔ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ፋይል የማወጣና የማስገባ፣ ደብዳቤ በታይፕ የምመታ ወጣት ነበርኩ። አንድ ጠዋት አንዲት ነጭ አሮጊት መጣች። ቀጭን ናት፤ ጸጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ ተቆርጣለች፤ እግሯ ላይ እንደ ገበሬ ኮንጎ ጫማ አድርጋለች። አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ፣ «ልጄ፣ አይዞሽ፤ ቤት ልገዛ ነው የመጣሁ» አለችኝ። መዝገብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ የገባን ኋላ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ቡሬ ክሊኒክ አዋላጅ ነበረች። አማርኛውን የተማረችው ምጥ ከያዛቸው ሴቶች አፍ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም በሴት ነበር የምታናግረው። ደርግ ሲመጣ ወደ ሀገሯ ተመለሰች፤ እዚያ እስክትሸብት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ባል የላት፣ ልጅ የላት። የቀረ ዕድሜዋን ጎጃም ልትጨርስ ጡረታዋን ይዛ መጣች። ቡሬ የምታውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሞተው ስለ ቆዩዋት፣ ፍኖተ ሰላም ደግሞ ሆስፒታልም ማንጎም ስላለ፣ እዚህ ይሁንልኝ አለች።

ሕጉ ግን አይፈቅድም። የውጭ ዜጋ ቤት መግዛት አይችልም። ይህን የሚገልጸውን ደብዳቤ የመታሁት እኔው ነኝ። አነበበችው፤ በአራት አጠፈችው፤ በማግስቱ መጥታ ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ መጣች። ኃላፊው «ይችን ሴትዮ አንድ ነገር አድርጉልኝ» እያለ ቢቆጣም ደፍሮ የሚያስነሳት ጠፋ፤ ቡሬ ሳለች የአገሩን ግማሽ ሰው በእጇ ተቀብላዋለቻ።

መላውን ያመጡት አንድ መሪጌታ ናቸው። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድንበር የገፋውን የሚመልሱ የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸውን ድሮ ቡሬ ላይ ከሞት ያተረፈችላቸው እሷ ነበረች። አግዳሚው ላይ ከጎኗ ተቀምጠው ነገሩን በሙሉ ሰሙና ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አወናጨፉ።

«መንግሥት ፈረንጅ ቤት አይግዛ አለ እንጂ ፈረንጅ ልጅ አይኑራት አላለም» አሉ። «ልጅ ትያዝ። ቤቱም በልጇ ስም ይሁን።»

እኛ ዘንድ የጡት ልጅ የሚባል ነገር አለ። አንድ ሰው ያልወለደውን ልጄ ሊለው ሲፈልግ፣ ልጅ የሚሆነው ትልቅ ሰው ቢሆንም፣ በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ይጦራል፤ ይቀብራል፤ በለቅሶው ላይ ራሱን ተላጭቶ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። በገጠራችን ሰው የገደለ እንኳ ጉማ ከፍሎ ይታረቃል፤ ጡት የካደ ግን በምን ይታረቃል?

ለምን እኔን መረጠች? አንድ ቀን የት እንደ ተወለድኩ ጠየቀችኝ። ከሽንዲ ወረድ ብሎ ካለ ጎጥ ነው አልኳት። እናቴ እኔን ስትወልድ ሁለት ቀን አምጣ፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት ቡሬ እንደ ደረሱ አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር። አሮጊቷ ትክ ብላ አየችኝና «በእግርሽ ነው የመጣሽ» አለች። ከዚያ አገር በእኔ ዕድሜ ያለ ሁሉ ፈረንጇ ናት ያወጣችኝ ይላልና አላመንኳትም። አባቴ ለገበያ ሲመጣ ግን ገና ከሩቅ አይቷት ጋቢውን አወረደና ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሄደ። እናቴ እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው የሞተችው። እናት አልነበረኝም፤ እሷም ልጅ አልነበራት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመሪጌታ ግቢ ተሰበሰብን። ማሩ በሳህን ቀረበ። አውራ ጣቷን ነከረችና አፌ ላይ አደረገችው። ጠባሁ። መሪጌታ ቆመው «ይችን የጡት እናትህን ብትክድ የጠባኸው ማር መርዝ ይሁንብህ፤ የወለድከው አይባረክልህ» አሉ። «አሜን» አልኩ። ሽማግሌዎቹም አሜን አሉ። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ እንደ ጨዋታ አድርጋው፤ አሜኑ ሲደጋገም ግን እንባዋ መጣ። «እንግዲህ አንቱ ብትላት ቅር ይላታል፤ እናት አንቺ ነው የምትባል» አሉኝ መሪጌታ። እማ አልኳት። ከልቤ ነበር። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ቤቱ ልጇ ዘንድ ባሕር ዳር ልትገባ ከተነሣች አንዲት ባልቴት የተገዛ ነው። ጭቃ ቤት ነው፤ ሦስት ክፍልና ከጓሮ አንዲት ሰርቪስ አለው። መስኮቱ ላይ አንድ ትልቅ ማንጎ ተደግፏል። ካርታው በእኔ ስም ወጣ። እሷ መጀመሪያ የገዛችው ዕቃ አልጋ ነበር፤ ለአናጢ ነግራ ከዋንዛ ያሠራችው፣ ሰፊ፣ ከባድ አልጋ። መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው።

«የምሞትበት ነው» አለችኝ፤ ሰው ስለ አዲስ ጫማው እንደሚያወራ ደስ ብሏት። «በሀገሬ የሽማግሌዎች ቤት አለ ልጄ። ምግቡ ጥሩ ነው፤ አንሶላው ንጹሕ ነው። ግን ስምሽን ከደረትሽ ላይ ካለው ወረቀት አንብበው ነው የሚጠሩሽ። እህቴ እዚያ ነው የሞተች። እኔ እዚያ አልሞትም። እዚህ እሞታለሁ፤ አንቺ ለቅሶዬን ትቀመጪልኛለሽ።»

ከእኔ የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር። ሌላው አንድ ነገር ወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለዚያ ከቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ቀበሌ ደግሞ ባለቤቱ ቀርቦ «እናቴ ናት፣ ከእኔ ጋር ትኖራለች» ብሎ ካልፈረመ አይጽፍም። አምስት ጊዜ ፈርሜያለሁ።

እነዚያን ዓመታት መልካም ነበሩ ብል ውሸት አይሆንም። አንዲት ሰማያዊ ደብተር ነበረቻት። የማታውቀው ነገር በገጠማት ቁጥር «ባህላችሁ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ የነገርኳትን ትጽፋለች። የጎረቤት ላም ወልዳ እንገር ሲላክልን ጠየቀችኝ፤ «ዕቃው ባዶውን አይመለስም፤ እህልም ቢሆን ጣል ይደረግበታል» አልኳት። ጻፈች። ከዚያ ወዲያ የሰው ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም፤ አንዴ የሰው ባልዲ ማንጎ ሞልታ ስትመልስ ባልዲው ከማንጎው ክብደት ተሰንጥቋል። ሰፈሩ ወደዳት። እመት ሐኪም ይሏታል። ነፍሰ ጡሮች በጓሮ በር እየመጡ ሆዳቸውን ያስዳብሷታል፤ «እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ሆስፒታል ሂጂ» ትላቸዋለች፤ ዳብሳ ስትጨርስ።

እኔን ደግሞ ገበያ ላይ የፈረንጇ ልጅ ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ መሥሪያ ቤት ዕድገት ሳገኝ «እሱማ የፈረንጇ ልጅ ነው» አሉ፤ አዲስ ኮት ስለብስ የፈረንጇ ልጅ ነው አሉ። ያለኝ ሁሉ ከእሷ የመጣ ሆነ፤ እግሬን ይዛ ጎትታ ያወጣችኝ ሳትቀር። ሰው የባለውለታውን ፊት ሲያይ ራሱን ትንሽ ሆኖ ያገኘዋል። እኔ ትንሽ መሆን አልቻልኩበትም። ስለዚህ እሷን አሳነስኩ።

ሚስቴን ያገባሁት ከቡሬ ነው፤ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ናት። ሚስቴን አልከስም። ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ በሰርጉ ሰሞን ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ መስኮቱ ሥር ያለውን የዋንዛ አልጋ አዩና፣ «ለካ ልጄን የዳርኩ ለጓዳ ኖሯል» አሉ። ፊቴ ተቃጠለ። ለእማ ክፍሉን ልቀቂልን ለማለት ወኔ የለኝም። ደጅ ላይ ቆሜ ሳስብ ምላሴ ራሱ አመጣው።

«እማ፣ በባህላችን ልጅ ሲያገባ እናት ትልቁን ክፍል ለሙሽራ ትለቃለች።»

እንዲህ ያለ ባህል የለንም። እንኳን እናት ልትለቅ፣ እኛ ዘንድ እናት ደጅ ቆማ ሙሽራ ወንበር ላይ አይቀመጥም። እሷ ግን ደብተሯን አወጣች፤ ጻፈች። «እሺ። መቼ?» አለችኝ። በዚያው ቀን ልብሷን እያጣጠፈች ወደ ትንሹ ክፍል ገባች። አልጋው በትንሹ ክፍል በር ስለማያልፍ ቀረ። «ልጅሽ ሲወለድ እዚህ ላይ ይተኛል» ብላ አንሶላውን ራሷ አነጠፈችልን።

አንዴ የቀመሱት ውሸት ይጣፍጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ የእኔ እንቁላል ሮጠ። ሙሽራ ባለችበት ቤት የባል እናት በዋናው በር አትገባም አልኳት፤ በጓሮ መግባት ጀመረች። እናት ከልጇ ሚስት ጋር በአንድ ገበታ የምትቀርበው የመጀመሪያው ልጅ ክርስትና ሲነሣ ነው አልኳት፤ ሳህኗን ይዛ ጓሮ ማንጎው ሥር ትበላ ጀመር። ድመት ነበረቻት፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ድመት አይኖርም ባህላችን ነው ስላት፣ ራሷ በቅርጫት አድርጋ ገበያ ወስዳ ለአንዲት የገጠር ሴት ሰጠቻት። ቆይታ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ደግ ሴት ናት የወሰደቻት» አለችኝ።

ሌላ ሰው አልጠየቀችም እንዳይባል፣ ጠይቃለች። አንድ ቀን ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ሰማኋት። ጠላ የምትሸጠውን ጎረቤታችንን «እትዬ፣ የልጅ እናት በጓሮ ነው የምትገባ?» አለቻት። ጎረቤቷም «እንግዲህ ልጅሽ ካለሽ ነዋ እመት ሐኪም፤ እኔ ምን አውቄ» አለች። በሰው ቤት ጉዳይ አፍ ማስገባት ነውር ነው። ይህኛው እውነተኛ ባህላችን ነው፤ ከፈጠርኳቸው ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝም እሱ ነው።

የበርበሬ ወራት ሲደርስ የሚስቴ አባት ጆንያ በጆንያ ላኩ። ትንሹን ክፍል ለመጋዘን ፈለግነው፤ እማን ወደ ሰርቪስ አወጣናት። ሲበዛ ደግሞ ሰርቪሱም ውስጥ፣ ከፍራሿ ራስጌ እስከ ጣሪያው ከመርነው። የቡሬ በርበሬ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጆንያው ሲነካ ጎረቤት ያስነጥሰዋል። እርጥብ ጨርቅ አፏ ላይ አስራ ትውላለች። ሳሏ ደረቷን ሰብሮ ይወጣል።

«ልጄ፣ ይህ በርበሬ ለምን እኔ ጋ ሆነ?» አለችኝ።

«በርበሬ ከእናት ራስጌ ከዋለ ቤቱ ይባረካል» አልኳት። «ባህላችን ነው።»

ደብተሯን አወጣች። እጇ ላይ ያለውን እርሳስ አይቼ ለአንድ አፍታ «ተይው፣ አትጻፊው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ጻፈች።

ሚስቴ አንዴ «ኧረ ተው፣ ግፍ ነው» አለችኝ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ» ብዬ አፏን አስያዝኳት። መሪጌታም መንገድ ላይ አገኙኝና ጤና ጠይቀውኝ፣ ዝናብ ስለ መዘግየቱ አውርተውኝ፣ ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚያን ቀኑ ማር አሁንም ይጣፍጥሃል?»

«ማር ተበልቶ ያልቃል አባ» አልኩ።

«ልክ ነህ፤ ሰፈፉ ግን ይቀራል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ትርጉሙ ገብቶኛል። እንዳልገባኝ ሆኜ ገበያ ሄድኩ።

ሚስቴን ምጥ የያዛት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ከቀኗ ቀድሞ። ሆስፒታል ልወስዳት ጋሪ ፍለጋ ሮጥኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ጋሪ ሁሉ እህል ጭኗል። ለምኜ አስይዤ ስመለስ የሕፃን ልቅሶ ሰማሁ። እማ በዋናው በር ገብታለች። የዋንዛው አልጋ ሥር ተንበርክካለች፤ እጇ እስከ ክንዷ ደም ነው፤ ሚስቴን «አይዞሽ፣ አለቀ፣ አይዞሽ» ትላታለች። ያ የምጥ ቃል በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባው ሰው ደረሰ። ቀና ብላ አየችኝ።

«በእግሯ ነው የመጣች» አለችኝ። «እንደ አንቺ።»

ልጅቷን አቀፍኩ። በእግሩ የሚመጣ ልጅ የሚያወጣው ካላገኘ እናቱን ይዞ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም የሰጠችኝ እሷ ናት። የዚያን ጊዜ እግሯ ላይ ብወድቅ ሁሉም ነገር ይመለስ ነበር። ልቤ ወድቆም ነበር። በማግስቱ ግን አማቴ ከቡሬ ሊመጡ ነው ተባለ፤ አማቴ ደግሞ ያች ፈረንጅ የልጅ ልጄን እንዳትነካ ብለዋል። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እኔ ግን ሰርቪሱ በር ላይ ቆሜ እንዲህ አልኩ፦

«እማ፣ በባህላችን ያዋለደች ሴት ክርስትናው እስኪደርስ አራስ ቤት አትገባም።»

እጇን እየታጠበች ነበር። «ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሰማንያ ቀን ነው።»

በደብተሯ ላይ በየቀኑ አንድ መስመር ታሰምር ነበር። ሰማንያ መስመር። ልጅቷ ስታለቅስ ከማንጎው ሥር ትነሣና ግድግዳው ድረስ ትመጣለች፤ ግድግዳውን አታልፍም። በክርስትናው ቀን ነጭ የሱፍ ኮፍያ ሠርታ መጣች፤ ሚስቴ ልጅቷን አስታቀፈቻት። ብዙም ሳትቆይ አማቴ «ልጅቷን በርበሬ በርበሬ አሸተታት» ብለው ተቀበሏት።

የመኖሪያ ፈቃዷ የሚታደስበት ጊዜ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። አማቴ ባላቸውን አስፈቅደው ልጅቷን ሊያሳድጉ እኛ ዘንድ ሊከርሙ አስበዋል፤ ሰርቪሱ ያስፈልጋል። ቅጹን ይዛ ስትመጣ «ዘንድሮ አልፈርምም» አልኳት። ባህል ፈጥሬ ልነግራት አልቻልኩም፤ አለቀብኝ።

አልተቆጣችም። እኔ ባጥፍ በሽማግሌ ፊት የተማለው ቃል አይታጠፍም ብላ ይመስለኛል፣ መሪጌታ ዘንድ ሄደች። እሳቸው አስቀጥረው ሦስታችን ቀበሌ ቀረብን። ሊቀመንበሩ እኔ የማውቀው ወጣት ነው፤ ከማፈሩ የተነሣ ብዕሩን ደጋግሞ ይፈታል ይገጥማል። መሪጌታ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እማ ቆማለች፤ ለክርስትናው የለበሰችውን ቀሚስ ለብሳለች።

«ምስክሩ አንቱ ነዎት፤ ይጀምሩ» አለ ሊቀመንበሩ።

«የለም» አሉ መሪጌታ። «ጡት የልጁ ነው። ልጁ ይናገር።»

ሰው ሆኖ፣ ያስማለው ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ጡቱን የሚክድ አለ ብለው አላሰቡም። እዚያ ላይ ነው የተሳሳቱ።

«እኚህ ሴት ምንህ ናቸው?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ተከራዬ ናቸው» አልኩ። አንቱ አልኳት፤ ለራሴ ጆሮም እንግዳ ሆነብኝ። «ውላቸው አብቅቷል።»

ሊቀመንበሩ ወደ መሪጌታ ዞረ። «መሪጌታ፣ አንቱስ ምን ይላሉ?»

መሪጌታ አቀርቅረው ወለሉን ያያሉ። ጭራቸው ጉልበታቸው ላይ ቆሟል። አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር፤ ሊቀመንበሩም ያን ቃል እየለመነ ነበር። ቆይተው ቆይተው «እኔ አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬም አይሰማ» አሉ። ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ከዓመት በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። «ካደ ብዬ ብመሰክር እርግማኑን በአፌ አወረድኩት ማለት ነው» አሉኝ። «የወለድከው አይባረክ ያልኩ እኔ ነኝ። ልጅህ ያን ጊዜ ገና ጥርስ አላበቀለችም ነበር።» ለእኔ ልጅ አዝነው ነው እሷን የጣሏት። እኔም በዚያች ሰዓት የተማመንኩት በዚሁ ነበር፤ መሪጌታ ደግ ሰው መሆናቸውን አውቅ ነበር።

እማ ከእሳቸው ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ሰማያዊዋ ደብተር ከእጇ ነበረች፤ አልገለጠቻትም።

«ልጄ፣ ይህም ባህላችሁ ነው?» አለችኝ።

ሦስቱም አዩኝ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አቆመ።

«አዎ» አልኩ። «ባህላችን ነው።»

ይህን ያስተባበለ ሰው አልነበረም። እሷም እንደ ወትሮዋ «እሺ» አለች።

በዚያው ሳምንት ሄደች። አንዲት ሻንጣ ነበረቻት፤ ስትመጣም አንድ ነበረች። ጎረቤቶች መናኸሪያ ድረስ ሸኟት፤ ያች ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ለቅሶ አለቀሰች። አውቶቡሱ በቡሬ በኩል ነው ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ፤ ክሊኒኩን በመስኮት ሳታየው አትቀርም። እኔ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። ማታ ስገባ አማቴ ሰርቪሱን አስጠርገው ጨርሰዋል።

የፈረንጇ ልጅ የሚለኝ ሰው ጠፋ። ያን ያህል የጠላሁት ስም ነበር፤ አሁን ገበያ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሰው ቢጠራኝ ብዬ የምዞርበት ቀን አለ። የምተኛው በዋንዛው አልጋ ላይ ነው። ልጄ አደገች፤ ጤነኛ ናት፤ ማን እንዳዋለደቻት ጠይቃኝ «አንዲት ሐኪም» ብያታለሁ።

ከሄደች ጥቂት ወራት ቆይቶ በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ አንድ ደብዳቤ መጣ። በአማርኛ ነው የጻፈችው፤ ፊደሏ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ትልልቅ ነው። የገባችው ያ የምትፈራው ቤት ነው። ምግቡ ጥሩ ነው፤ አንሶላው ንጹሕ ነው ትላለች። ሳሏ ለቋታል። ልጅቷ ጥርስ አበቀለች ወይ ትላለች። ከታች እንዲህ ይላል፦

«ልጄ፣ እዚህ ቅጽ አስሞሉኝ። ስትሞቺ ለማን እንንገር አሉኝ። ቦታውን ባዶውን ተውኩት። በባህላችሁ ለማን ይነገራል? ጻፊልኝና እሞላዋለሁ።»

አልጻፍኩላትም። ስለዚህ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።